ሁኔታ የሚያይ ፊሽካ

አያ ሙሄዲን ደሴ አጠገብ ባለችው ገራዶ ልብስ ሰፊ፣ የገራዶ ቅሬ፣ ያው የእድሩ፣ ዕቃ ያዥ፣ የገራዶ እግር ኳስ ቡድን መሪ ናቸው። ሦስቱንም ሥራ በአንድ አፍ ይሠሩታል። ዛሬ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡድናቸው ኮምቦልቻ ላይ ከሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ለፍጻሜ ይጫወታል። ሽልማቱ አንድ የደለበ ሰንጋ ነው። ተጫዋቾቹ በማለዳ በአይሱዙ ተጭነው ወርደዋል። አያ ሙሄዲን ግን ደሴ መናኸሪያ፣ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተራ ላይ ቆመው ሦስት መኪና አሳለፉ። አራተኛው ሊሞላ ሲል የጨዋታውን ዳኛ፣ ሀፊዝን፣ «ድንገት» አገኙት።

ሀፊዝ ኮምቦልቻ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን የሚወጣውን ጨርቅ እያየ እንከን የሚለቅም ቀጭን ጎልማሳ ነው። ሲናገር ዝግ ይላል፤ ሲሮጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ፊቱን ያየ ሰው ነገር የገባው አይመስለውም። አያ ሙሄዲን አይተውታል፤ አልመሰላቸውም።

[ሚኒባሱ ጋቢና። አያ ሙሄዲን በመስኮቱ በኩል ተደላድለዋል። ሀፊዝ መሃል ላይ፣ ማርሹን በጉልበቱ አቅፎ።]

ሀፊዝ፦ አያ ሙሄዲን፣ የመስኮቱ በኩል የኔ ነበር እኮ። ቀድሜ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ።

ሙሄዲን፦ ቀድመሃል፤ ማን ካደህ? ግን ሁኔታውን እይ እንጂ! ጉልበቴ ታማሚ ነው፤ መዘርጋት አለበት።

ሀፊዝ፦ እዚህ ማርሹ የኔን ጉልበት ይመታዋል።

ሙሄዲን፦ ያንተ ገና ለጋ ነው። ሲመታ ይጠነክራል።

ሀፊዝ፦ ተራ አስከባሪው ግን መጀመሪያ ወደኔ ነበር የጠቆመው።

ሙሄዲን፦ ተወው እሱን! ተራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሁኔታ አያውቅም። በል አሁን እሱን እንርሳውና... ማሻአላህ! እንዴት ያለ ነገር ነው? ሳላስበው፣ ሳልፈልግህ፣ እንዲሁ ዱብ አልክብኝ!

ሀፊዝ፦ ተራ አስከባሪው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ «ሀፊዝ የሚባል ቀጭን ልጅ አላለፈም ወይ?» እያሉ ሲያደርቁኝ ነበር አለኝ።

ሙሄዲን፦ እ... እሱ ሌላ ሀፊዝ ነው።

ሀፊዝ፦ እሱም ቀጭን ነው?

ሙሄዲን፦ በጣም! ካንተም ይቀጥናል።

ሀፊዝ፦ አሳዘነኝ። ታዲያ ጥለነው መሄዳችን ነው?

ሙሄዲን፦ [ወደ መስኮቱ ዞረው] ያ ረቢ፣ ዛሬ ፊሽካውን ለማን ነው የሰጠኸው? [ተመልሰው] ለመሆኑ ከኮምቦልቻ መቼ ወጣህ?

ሀፊዝ፦ እህቴ ጣይባ ጋ አድሬ ነው። ካልሲዬን ልታጥብልኝ ወስዳ ነበር። የዳኛ ካልሲ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

ሙሄዲን፦ ጣይባ! ደህና ናት? አባታችሁን አውቀው ነበር፤ አላህ ይማረው። ላንተማ አባትህ ገራዶ ድረስ ሲያመጣህ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርምህን የሰፋሁልህ እኔ አይደለሁም?

ሀፊዝ፦ አልረሳሁትም። ሱሪው ረዝሞ ጠዋት ቀድሞኝ ትምህርት ቤት ይደርስ ነበር።

ሙሄዲን፦ ሁኔታውን አይቼ ነዋ! ልጅ ነህ፣ ታድጋለህ፣ ትደርስበታለህ ብዬ።

ሀፊዝ፦ ገና አልደረስኩበትም።

[ሚኒባሱ ይነሳል።]

ሙሄዲን፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ስማኝ፣ ሀፊዝ። ስለ ዛሬው ጨዋታ ምንም ልልህ አልፈልግም።

ሀፊዝ፦ እሺ።

ሙሄዲን፦ ዳኛ ነህ። የዳኛ ጆሮ ንጹህ መሆን አለበት።

ሀፊዝ፦ እሺ።

ሙሄዲን፦ ... «ለምን ምንም አትሉኝም?» ብለህ እንኳ አትጠይቅም?

ሀፊዝ፦ ለምን ምንም አይሉኝም?

ሙሄዲን፦ ጥሩ ጠየቅህ! ልንገርህ። እኔ ትናንት የቅሬውን ድስት በሙሉ አስወጥቻለሁ። ሰባት ብረት ድስት! ሰባቱንም በአመድ አሳሽቼ፣ ፀሐይ ላይ ደፍቼ ነው የመጣሁት። አርባ ቤት ለነገ ተጠርቷል።

ሀፊዝ፦ ማን ሞተ?

ሙሄዲን፦ ማንም አልሞተም! ሰንጋው ነዋ! ነገ የምናርደው ሰንጋ!

ሀፊዝ፦ ሰንጋው ኮምቦልቻ ሜዳው ዳር አይደለም እንዴ የታሰረው?

ሙሄዲን፦ ነው።

ሀፊዝ፦ ድስቱ ገራዶ?

ሙሄዲን፦ ነው።

ሀፊዝ፦ ጨዋታው ደግሞ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሙሄዲን፦ አንተ ሰው፣ ድስት ሳያሰናዳ በሬ የሚጥል የት አየህ? የቅሬ ድስት የሚወጣው ወይ ለሐዘን ወይ ለደስታ ነው። ሰባት ድስት አስወጥቼ ባዶውን ከመለስኩት፣ ገራዶ እስከ ቀብሬ ይስቅብኛል። ቀብሬም ላይ በዚያው ድስት እየበላ ይስቅብኛል! ዕቃ ያዥነቴም ያኔ አበቃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ማንኪያ ያላጎደልኩ ሰው!

ሀፊዝ፦ ድስቱን አንዱ ጎረቤት ቢፈልግስ ይሰጡታል?

ሙሄዲን፦ ሳይፈርም? ወላሂ አልሰጥም።

ሀፊዝ፦ ቢቸኩል? እንግዳ ድንገት ቢመጣበት?

ሙሄዲን፦ ነቢዩላህ ቢመጡበት! አስታግፊሩላህ... ምን ታስብለኛለህ? ደንብ ደንብ ነው። የቅሬ ዕቃ ያለ ፊርማ አይወጣም፤ ዕቃ ያዡም ዕቃው የሄደበት ሄዶ፣ ጎኑ ተቀምጦ፣ ሲያልቅ ቆጥሮ ይመልሳል። ድስት ላይ ሁኔታ የለም!

ሀፊዝ፦ [ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አውጥቶ] «ድስት ላይ... ሁኔታ... የለም።»

ሙሄዲን፦ ምንድን ነው የምትጽፈው?

ሀፊዝ፦ የሚነግሩኝን ነው። ካልጻፍኩ ይጠፋብኛል።

ሙሄዲን፦ [ፊታቸው በራ] ትጽፋለህ? ማሻአላህ! እኔ እኮ ሀፊዝ ሞኝ ነው ሲሉ አላምንም ነበር። በል አሁን የምነግርህን በደንብ ጻፍ። አንደኛ፦ ዳኛ የሚያየው ጥፋቱን አይደለም፤ ሁኔታውን ነው።

ሀፊዝ፦ ሁኔታው ምን ለብሷል?

ሙሄዲን፦ ምን?

ሀፊዝ፦ ተጫዋቹን በማሊያው ቁጥር ነው የማውቀው። ሁኔታውን በምን አውቀዋለሁ?

ሙሄዲን፦ ሁኔታ ማለት... ስማ። ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ አንዱ አንዱን ጠለፈው እንበል። ቢጫ ታወጣለህ?

ሀፊዝ፦ ጠለፋው ለቢጫ የሚበቃ ከሆነ አወጣለሁ።

ሙሄዲን፦ አታወጣም! ገና እኮ ናቸው። ሰላምታ እንኳ አልተጨራረሱም። በአምስተኛው ደቂቃ ቢጫ የሚያወጣ ሰው፣ እንግዳ ገና ከበር ሳይገባ ውሻ እንደሚፈታ ሰው ነው።

ሀፊዝ፦ [እየጻፈ] ውሻ... አይፈታም። በስንተኛው ደቂቃ ይፈታል?

ሙሄዲን፦ ከሃያ በኋላ። ሁለተኛ፦ የተሸነፈ ቡድን ይናደዳል። የተናደደ ሰው ቢራገጥ አይፈረድበትም። ሰው ነው።

ሀፊዝ፦ የተረገጠውስ?

ሙሄዲን፦ እሱ እየመራ ነው! ምን ጎደለበት?

ሀፊዝ፦ እግሩ።

ሙሄዲን፦ ሦስተኛ! እንግዳ ይከበራል። ወሎ ነን። እኛ ኮምቦልቻ እንግዳ ነን፤ ሳሙናዎቹ ባለቤቶች ናቸው። አጠራጣሪ ኳስ ከመጣ ለእንግዳው ነው።

ሀፊዝ፦ ሳሙናዎቹም እንግዳ ናቸው እኮ።

ሙሄዲን፦ እንዴት?

ሀፊዝ፦ በረኛቸው ከወረኢሉ ነው፣ ለሥራ የመጣ። ሁለቱ ተከላካዮች ከሳይንት። አሚር፣ አጥቂው፣ ከከሚሴ። አንድም የኮምቦልቻ ተወላጅ የለባቸውም። ሁሉም አንዳንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሜዳው ላይ የኮምቦልቻ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ።

ሙሄዲን፦ ስለዚህ?

ሀፊዝ፦ ስለዚህ ሃያ ሁለት እንግዳ አለብኝ። አጠራጣሪ ኳስ ሲመጣ ለማን ልስጥ?

ሙሄዲን፦ [ጥቂት አስበው] ከሩቅ ለመጣው።

ሀፊዝ፦ ሳይንት ይርቃል።

ሙሄዲን፦ ሦስተኛውን ሰርዘው! ሰረዝከው? አሳየኝ። ጥሩ።

[ሚኒባሱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ደርሶ መጠምዘዝ ይጀምራል። ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ቀኝ፣ አንድ ላይ ወደ ግራ ያጋድላሉ።]

ሀፊዝ፦ አያ ሙሄዲን፣ አንድ ነገር አልገባኝም።

ሙሄዲን፦ አንድ ብቻ ከሆነ አልሐምዱሊላህ።

ሀፊዝ፦ እኔ ፋብሪካ የማየው ጨርቅ መቶ ሜትር ነው። መጀመሪያው ሜትር ላይ ቀዳዳ ካለ ምልክት አደርጋለሁ። የመጨረሻው ሜትር ላይ ቀዳዳ ካለስ፣ «በቃ አልቋል፣ ሰውም ደክሟል» ብዬ ልለፈው?

ሙሄዲን፦ ጨርቅ ሌላ፣ ሰው ሌላ! ጨርቅ ይናደዳል? ጨርቅ አርባ ቤት ይጠራል? እኔም እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛዬ ሲወፍር ምን አደርጋለሁ? «ልኬትህ ባለፈው ዓመት ይሄ ነበር» ብዬ አፍነዋለሁ? አስተካክልለታለሁ!

ሀፊዝ፦ ምኑን ነው የሚያስተካክሉለት? ልብሱን ነው ወይስ ሜትሩን?

ሙሄዲን፦ ልብሱን ነዋ! ሜትር ይስተካከላል እንዴ?

ሀፊዝ፦ አይስተካከልም?

ሙሄዲን፦ ሜትር ከተስተካከለማ ሱሪ አይሆንም፤ የሆነ ድንኳን ነው የሚሆነው!

ሀፊዝ፦ [እየጻፈ] «ሜትር... አይስተካከልም።»

ሙሄዲን፦ እሱን አትጻፍ! እሱ የልብስ ነው! [ሚኒባሱ በኃይል ይጠመዘዛል] ወይኔ ጉልበቴ! አየህ ሹፌሩን? ቀጥታው ላይ ይሮጣል፣ ጠመዝማዛው ላይ ይቀንሳል። ሁኔታ ያያል!

ሀፊዝ፦ እውነት ነው። ግን በግራው በኩል አልሄደም።

ሙሄዲን፦ በግራ በኩልማ ቢሄድ ገደል ነው!

ሀፊዝ፦ እኔም የሚመስለኝ እንደሱ ነው። ጥፋት ተሠርቶ ኳሱ ለተበደለው ከደረሰ፣ «ቀጥል» ብዬ አሳልፋለሁ። እሱ ህጉ ውስጥ አለ፤ ጠመዝማዛው ላይ እንደ መቀነስ ነው። ከዚያ አልፌ ግን...

ሙሄዲን፦ በቃ፣ በቃ! ዋናውን ልንገርህ። አራተኛ፣ ይሄን በትልቁ ጻፍ። ከሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ በኋላ ፔናሊቲ አይሰጥም።

ሀፊዝ፦ ለማንም?

ሙሄዲን፦ ለማንም! ሙሉ ጨዋታውን ሲደክም የዋለ ሰው በአንድ ፊሽካ አይታረድም። ግፍ ነው። ልምድ ያለው ዳኛ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ተከላካይም ያውቃል። እስከ ሰማንያ አምስት ይጠነቀቃል፤ ከዚያ በኋላ... ያው፣ እጁ ነፃ ይሆናል።

ሀፊዝ፦ ሰማንያ አምስተኛው በማን ሰዓት ነው?

ሙሄዲን፦ ባንተ!

ሀፊዝ፦ በሰማንያ አራት ከሃምሳ ዘጠኝ ተጠልፎ፣ መሬት ሲደርስ ሰማንያ አምስት ቢሆንስ?

ሙሄዲን፦ ቶሎ ይውደቃ! የራሱ ጉዳይ ነው!

ሀፊዝ፦ የእናንተ ተከላካዮች ጥሩ ናቸው አይደል?

ሙሄዲን፦ [ደረታቸውን ነፍተው] ጥሩ? በግራ በኩል ያው ደህና ናቸው። በቀኝ በኩል ግን ሙንዚር አለልህ! ግንድ ነው። እስከ ዛሬ ሙንዚርን አልፎ የሄደ አጥቂ የለም። ካለፈውም በማሊያው ተይዞ ይመለሳል። ባለፈው አንዱን ይዞ ማሊያው ለብቻው እጁ ላይ ቀረ፤ ልጁ እርቃኑን ነው ጎል ያገባው። ኢንሻአላህ ዛሬ አሚርም የትም አይሄድም።

ሀፊዝ፦ [እየጻፈ] በቀኝ... በኩል... ሙንዚር።

ሙሄዲን፦ ደግሞ ምን አስጻፈህ?

ሀፊዝ፦ ስሙ ደስ ብሎኝ ነው።

ሙሄዲን፦ [በራሳቸው ረክተው] አብሽር፣ ትማራለህ። ዛሬ ግን እንዲህ ፈዘህ እንዳትቀር። ባለፈው ከሐርቡ ጋር ስንጫወት አይቼሃለሁ። ኳሱ ጎል ገብቶ፣ ወጥቶ፣ መሃል ተቀምጦ፣ አንተ ገና እየሮጥክ ትመጣለህ።

ሀፊዝ፦ [አንገቱን ደፍቶ] እሱ ነው የቸገረኝ። የዳኞች ታዛቢዋ፣ እቴ ሸዋዓለም፣ ያኔ ጠርታ «ውሳኔህ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሌም ሃምሳ እርምጃ ርቀህ ነው የምትወስነው። ማን ያምንሃል?» አለችኝ። ዛሬም ትመጣለች። ዛሬም ከርቀት ካየችኝ ፊሽካዬን አስረክባለሁ። እግሬ ደግሞ፣ እንደሚያዩት፣ የሱሪውን ያህል አላደገም።

ሙሄዲን፦ ምን ችግር አለው? ያልተሰረዙትን ነጥቦች ያዝ እንጂ መሮጥም አያስፈልግህ። የማትነፋውን ፊሽካ ለማየት ለምን ትሮጣለህ?

ሀፊዝ፦ [ደብተሩን እያጠፈ] አላህ ይስጥልኝ፣ አያ ሙሄዲን። ወላሂ፣ ይሄን ያህል የጠቀመኝ ሰው የለም።

ሙሄዲን፦ ምን አደረግሁልህ? እንዲያው ድንገት ተገናኝተን ተጫወትን።

[ኮምቦልቻ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ጨዋታው በሳሙናዎቹ ሁለት ለአንድ አሸናፊነት አልቋል፤ ሁለተኛው ጎል በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ከፔናሊቲ የተቆጠረ ነው። ሰንጋው ቀንዱ ላይ ሪባን ታስሮለት በሳሙናዎቹ ተከቦ እየተዘፈነለት ነው። የገራዶ አይሱዙ ልጆቹን ጭኖ ሄዷል፤ አያ ሙሄዲን አልተሳፈሩም። ኮፍያቸውን ጨብጠው፣ ካልሲውን እያወለቀ ባለው ሀፊዝ ላይ ሜዳው ዳር ቆመውበታል።]

ሙሄዲን፦ በሰማንያ ስምንተኛው!

ሀፊዝ፦ አዎ፣ አያ ሙሄዲን።

ሙሄዲን፦ አንድ ለአንድ እያለን! ሁለት ደቂቃ ሲቀር!

ሀፊዝ፦ አዎ።

ሙሄዲን፦ አንተ እግዜር... አንተ የአላህ ፍጡር! አልጻፍከውም? በትልቁ አላስጻፍኩህም?

ሀፊዝ፦ ጽፌዋለሁ። ይኸው፣ አስምሬበታለሁ።

ሙሄዲን፦ ታዲያ?

ሀፊዝ፦ ሙንዚር አሚርን አልያዘውም ይላሉ?

ሙሄዲን፦ አልያዘውም? በሁለት እጁ ነው እንጂ እንደ ሙሽራ ያቀፈው! እኔ አይደለሁም እንዴ ከውጭ «ያዘው፣ አትፍራ፣ አይሰጥም!» ብዬ የጮህኩለት?

ሀፊዝ፦ ሰማሁዎት። እቴ ሸዋዓለምም ሰማች። ጻፈችው።

ሙሄዲን፦ [ደንግጠው] እሷም ትጽፋለች? የዛሬ ዳኛ ሁሉ ጸሐፊ ነው እንዴ? እንግዲህ ልጁ «የፔናሊቲ ሳጥን ውስጥ ነኝ፣ ልያዘው ልልቀቀው?» ብሎ ዞሮ አየኝ። ዳኛው አውቆታል፣ አስተምሬዋለሁ ብዬ በራሴ ላይ ምዬ ቃል ገባሁለት! ባልጮህ እኮ ይለቀው ነበር። አሚር ደግሞ ኳሷ አምልጣው ነበር፤ በረኛችን ሊይዛት ነበር!

ሀፊዝ፦ እኔም አይቻለሁ። ባይያዝ ኖሮ ጎል አትሆንም ነበር።

ሙሄዲን፦ [ኮፍያቸውን አደረጉ፤ መልሰው አወለቁ።] ... ታዲያ እያወቅህ! ሁኔታው አይታይህም?

ሀፊዝ፦ በአርባኛው ደቂቃ የሳሙናው ልጅ ኳስ በእጁ ሲነካ «ህግ የት አለ? ኧረ ህግ! በህግ አምላክ!» ብለው የጮሁት እርስዎ አልነበሩም?

ሙሄዲን፦ ያኔ ሁኔታው ህግ ይፈልግ ነበር!

ሀፊዝ፦ ሰጠሁዎት። አንዷን ጎል በሱ ነው ያገባችሁት።

ሙሄዲን፦ [ቁጣው ሌላ መንገድ ፈልጎ] ቆይ፣ ቆይ። እሱን ተወው። አንድ ነገር ብቻ አስረዳኝ። ሰማንያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ከኳሱ ኋላ እንደ ጠፋ በግ ስትንከራተት ነበር። ከሰማንያ አምስት በኋላ ግን እዚያው ነበርክ። ሙንዚር እጁን ሲዘረጋ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመሃል! ፊሽካው አፍህ ውስጥ! በየት በኩል መጣህ? በረርክ?

ሀፊዝ፦ አልበረርኩም። ቀድሜ ሄጄ ቆሜ ነበር።

ሙሄዲን፦ ኳሱ እኮ ገና መሃል ሜዳ ነበር!

ሀፊዝ፦ አዎ። ኳሱን ብከተል አልደርስም።

ሙሄዲን፦ ታዲያ እዚያ እንደሚሆን ማን ነገረህ?

ሀፊዝ፦ [ደብተሩን ገልጦ ይዘረጋላቸዋል] እርስዎ።

ሙሄዲን፦ [እያራቁ ያነባሉ] «ከ85 በኋላ... በቀኝ በኩል... ሙንዚር... እጁ ነፃ ይሆናል።» ከሥሩ ደግሞ... «ቀድመህ ቁም።» ... ቀድመህ ቁም?

ሀፊዝ፦ እሷን ብቻ ነው እኔ የጨመርኩት።

[ሰንጋው ያገሳል።]

ሙሄዲን፦ አንተ... ጠዋት ሁሉ ያን ሁሉ የፈዘዘ ጥያቄ...

ሀፊዝ፦ አንዳንዱ የእውነት አልገባኝም ነበር። ያ ሌላው ሀፊዝ ለምሳሌ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ሙሄዲን፦ ታዛቢዋስ ምን አለችህ?

ሀፊዝ፦ «እንዲህ ያለ አቋቋም ከየት ተማርክ?» አለችኝ። ወደ ዞን ዳኞች ዝርዝር ልታስገባኝ ነው። አስተማሪዬን ስሙን ልንገራት?

ሙሄዲን፦ ወላሂ ስሜን ከጠራህ!

[ወደ ሚኒባስ ተራው ይሄዳሉ። የደሴው ሚኒባስ ጋቢና ላይ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ የመስኮቱ በኩል። አያ ሙሄዲን ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ ሀፊዝ ቀድሞ ተሰልፎ ቆሞላቸው ነበር፤ በሩን ከፍቶ ቦታውን ይለቅላቸዋል።]

ሙሄዲን፦ ይሄስ ምንድን ነው? ተራው ያንተ አይደለም?

ሀፊዝ፦ የኔ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ጉልበት ልሰጠው እችላለሁ። የአሚርን ፔናሊቲ ግን ለእርስዎ ድስት መስጠት አልችልም ነበር፤ የኔ አልነበረም።

ሙሄዲን፦ [እየተሳፈሩ፣ ድምፃቸው ሰልሎ] ድስት አትበለኝ። ሰባት ድስት... አርባ ቤት... ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው? በየትኛው ፊቴ ገራዶ እገባለሁ?

ሀፊዝ፦ እሱን እንኳ ልነግርዎት ነበር። ሳሙናዎቹ ተቸግረዋል።

ሙሄዲን፦ ሰንጋ ይዘው ምን ቸገራቸው?

ሀፊዝ፦ ነገ ሊያርዱት ነው። ግን የክፍል ተከራይ ናቸው፤ ያላቸው ድስት ለአንድ ሰው ሽሮ የምትበቃ ናት። ቅሬ የላቸውም፤ አገራቸው ነው ያለው። «በሬውን በሽሮ ድስት ስንቀቅል ረመዳን ይደርስብናል» አሉኝ። እኔም ትልቅ ድስት ያለበትን ጠቆምኳቸው። ሰባት፣ በአመድ የታሸ፣ ፀሐይ ላይ የተደፋ።

ሙሄዲን፦ የገራዶን ቅሬ ድስት! ለሳሙና!

ሀፊዝ፦ ይፈርማሉ። አሚር እንደሚፈርም ነግሮኛል። ዕቃ ያዡም ዕቃው የሄደበት ሄዶ፣ ጎኑ ይቀመጣል። ድስት ላይ ሁኔታ የለም፤ ጽፌዋለሁ።

ሙሄዲን፦ [ኮፍያቸውን ቀስ ብለው ያደርጋሉ] ... እኔ ብቻ?

ሀፊዝ፦ ድስቱን የተሸከመም አይበላም አይባልም። አንድ ድስት ስንት ሰው ይሸከመዋል?

ሙሄዲን፦ ሁለት። [ጥቂት አስበው] ... ሁኔታው ታይቶ፣ ስድስትም ይችላል። እጀታው ያቃጥላል።

ሀፊዝ፦ ቤቱ አርባ ነው። ስድስት ሲባዛ በሰባት አርባ ሁለት።

ሙሄዲን፦ [መጀመሪያ ጢማቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ሳቀ] አንተ ጉደኛ! ግን ሀቁን ንገረኝ፣ ዛሬ ማነው ያሸነፈው?

ሀፊዝ፦ በህጉ ሰንጋው የእነሱ ነው። በሁኔታው ድስቱ የእርስዎ ነው።

[ሚኒባሱ ይንቀሳቀሳል። ሀፊዝ፣ በዚያ በዘገየ እግሩ፣ ጥቂት እርምጃ ከመስኮቱ ጎን ይሮጣል።]

ሀፊዝ፦ አያ ሙሄዲን! ነገ ስትመጡ ሙንዚርን እንዳትረሱት! በሬውን ሲጥሉ የሚይዝ ሰው አጥተዋል!